ባለ ሁለት ስለት መላጫ፦ ጽዳቱና አያያዙ በአዲስ አበባ ዳር

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ጎራ ብላችሁ «ምላጭ አለ?» ብትሉ ባለ ሱቁ በወረቀት የተጠቀለለች ስስ ብረት ያቀብላችኋል። ተማሪ እርሳስ ይቀርጽባታል፣ ልብስ ሰፊ ስፌት ይፈታባታል፣ እናት የልጇን ጥፍር ትቆርጥባታለች። ጢም ለመላጨት ግን መያዣ ያስፈልጋታል። እዚህ የምናየው ይሄንኑ መያዣ ነው። ምላጩ ያልቃል፣ ይጣላል። መላጫው ግን በአግባቡ ከተያዘ ከአባት ለልጅ ይተርፋል።

መላጫውን በዓለም ያሰራጨው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ከሱ በፊትም ቆዳን ከመቆረጥ የሚከላከል መላጫ ነበር። ምላጩ ወፍራም ስለነበር ግን በየጊዜው መሳል ነበረበት። ጂሌት ስስ፣ ርካሽና ሲደንዝ የሚጣል ምላጭ አሰበ። ያን የመሰለ ስስ ብረት አጠንክሮ መሳሉ ብዙዎችን ያስቸገረ ሥራ ሲሆን መላ ያገኘለት መሐንዲሱ ዊሊያም ኒከርሰን ነው። ሽያጩ በ1903 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በዓመቱ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው ኖቬምበር 15 ቀን 1904 ነው። ነገሩ የተቀጣጠለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ ሲያድለው ነው። የያኔው ምላጭ ካርቦን ብረት በመሆኑ ቶሎ ይዝግ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የእንግሊዙ ዊልኪንሰን ሶርድ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ምላጭ ለገበያ አቀረበና ሌሎቹም ተከተሉት።

የተለመደው መላጫ ሦስት ቦታ ይፈታል፦ ክዳን፣ ከሥሩ ያለው ሳህንና እጀታ። ምላጩ ከክዳኑና ከሳህኑ መሀል ይገባል። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብቻውን ይልመጠመጣል። እጀታው ሲጠብቅ ክዳኑ ተጭኖ ያጎብጠዋል፤ ጥንካሬ የሚሰጠውም ይሄ ጉብጠት ነው። የጽዳቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከሳህኑ ላይ የደረቀ ሳሙና ወይም የጸጉር ፍርፋሪ ካለ ምላጩ እኩል አይቀመጥም። አንዱ ጎን ትንሽ ወጣ፣ ሌላው ገባ ይላል። ከዚያ በአንዱ ጎን ሲላጩ ይቆርጣል፣ በሌላው ጎን ጢሙን አልፎት ይሄዳል። ብዙ ሰው ይሄኔ ምላጩን ይራገማል። ጥፋቱ ግን የምላጩ አይደለም።

ሌላም ዓይነት አለ። እጀታው ሥር ያለው ቁልፍ ሲዞር ከላይ ሁለት ክንፎች ይከፈታሉ። ምላጭ ለመቀየር ይመቻል፣ ለማጽዳት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ውስጡ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ይበዛል። ለጀማሪ ሦስት ቦታ የሚፈታውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ውሃው። አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ሱሉልታም ሆነ ሰበታ የራሳቸው ጉድጓዶች አሏቸው። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ውሃ ማፍያው ሥር የሚጋገረውን ነጭ ነገር የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ይሄው ካልሲየም ከሳሙና ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና በመላጫው ጥርሶች መሀል ይደርቃል። ስለዚህ አቃቂ አካባቢ የሚኖር ሰው መላጫ፣ በግድብ ውሃ ከሚጠቀመው ሰው መላጫ ቶሎ ቢነጣ አይገርምም።

የከተማ ዳር ሌላው ጣጣ ውሃው በፈረቃ መምጣቱ ነው። መላጫን በሚፈስ ቧንቧ ሥር ይዞ መቆም ሮቶ ለሌለው ሰው ቅንጦት ነው። ደግነቱ አያስፈልግም። ሁለት ኩባያ ውሃ ይበቃል። አንዱ ለብ ያለ፣ እየላጩ መላጫውን የሚያወዛውዙበት፤ ሌላው ንጹሕ፣ መጨረሻ ላይ የሚያለቀልቁበት። ሳሙናው እንዲራገፍ ብሎ መላጫውን ከገንዳው ጠርዝ ጋር ማጋጨት መጥፎ ልማድ ነው። ሳህኑ ይጣመማል፣ ክዳኑን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ጥርሱ ይበላል፣ ገንዳውም ይላጣል። ተላጭተው ሲጨርሱ እጀታውን ግማሽ ዙር ላላ አድርጎ ንጹሑ ውሃ ውስጥ ማወዛወዝ፣ አራግፎ መልሶ ማጥበቅ ነው። ስለቱን በፎጣ መጥረግ አይገባም። ፎጣው ይቀደዳል፣ ስለቱ ይጎዳል፣ ጣትም አይቀርለትም።

ከዚያ የት ይቀመጥ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሻወሩና ሽንት ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። እንፋሎቱ መውጫ የለውም። መላጫውን እዚያ ከሳሙናው ጎን አጋድሞ መተው ለዝገት መጥራት ነው። መስኮት አጠገብ፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሆኖ ቆሞ ይደር።

ሙሉ ጽዳቱን ምላጭ በሚቀየርበት ቀን ማድረግ ይቀላል። ምላጩን ስለት በሌላቸው በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ይዞ ማውጣት፤ ከዚያ ሦስቱን ክፍሎች ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና መዘፍዘፍ። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ የቀረውን ይሠራል። በተለይ የቡሎኑ ጥርስ፣ የሳህኑ ቀዳዳዎችና የክዳኑ ውስጠኛ ጎን በደንብ ይታሹ። ነጩ ነገር አልለቅ ካለ አቼቶን ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ ለአምስት ወይም ለአስር ደቂቃ መንከር ነው። አቼቶ ከሌለ ሎሚም ያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ መንከር ግን ስህተት ነው። ውዱ መላጫ ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ናስ ነው። ርካሹ ከቅቡ ሥር የዚንክ ቅይጥ ነው። አሲድ ስንጥቅ ካገኘ ዚንኩን ይበላዋል፣ ቅቡም ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ የሚመለስ አይደለም። የአሉሚኒየም እጀታ ከሆነ አቼቶው ጭራሽ ይቅር።

በረኪና፣ የሽቦ መፈግፈጊያና አመድ ለድስት ናቸው። ሲያልቅ ተለቃልቆ፣ ደርቆ፣ ቡሎኑ ላይ ጤፍ የምታህል ቫዝሊን ቢነካ እጀታው ሳይንቋቋ ይዞራል።

ምናለሽ ተራ ወይም ሰልባጅ መሀል አሮጌ መላጫ ያገኘ ሰው ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ከላይ እንደተባለው ይታጠብ፣ ቀጥሎ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይነከር። መቀቀል የሚወዱ አሉ። የፕላስቲክ ክፍል ከሌለው ይቻላል፤ ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ከዚያም በታች። ስለዚህ ገንፈል ሲል ማውጣት አይበቃም፤ ለ20 ደቂቃ ይንተክተክ።

ምላጩን በደንብ ካደረቁት ወራት ያገለግላል የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ስለቱን የሚያበላሸው ዝገት ብቻ አይደለም። ጸጉር ከብረቱ 50 እጥፍ ገደማ ይለሰልሳል። ሆኖም በአንግል ሲመታው ስለቱ ላይ ጥቃቅን ስብራት ይፈጥራል። ማድረቅ ይህን አያስቀርም። አራት አምስት ጊዜ ተላጭቶ መቀየር ጥሩ ነው፤ ጢሙ ጠንካራ የሆነ ከዚያም በፊት። መጎተት ከጀመረ አልቆለታል። ጥቅልል ጸጉር ላለው ሰው ደግሞ የደነዘ ምላጭ አንገት ላይ ሽፍታ የሚያወጣ ነገር ነው።

መላጫ የግል ዕቃ ነው። «ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም» የሚለውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሳይሰማ ያደገ የለም። ትምህርቱ የመጣው በኤች አይ ቪ ምክንያት ቢሆንም፣ የጉበት ቫይረስ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለሰባት ቀን መቆየት ይችላል። ወንድማማቾች መላጫ ሲዋዋሱ «ምላጩን ቀይሬዋለሁ» ይባባላሉ። ሳህኑ ላይ የቀረውን ግን ማን አየው? የሰፈር ፀጉር ቤቶች በዚህ ጥንቁቅ ናቸው። ጥሩው ልጅ ምላጩን ከነወረቀቱ ያነሳል፣ «አዲስ ነው ጋሼ፣ ይዩት» ይላል፣ እዚያው ወረቀቱ ውስጥ እንዳለ ቀጭ አድርጎ ለሁለት ይሰብረዋል። ግማሹን መያዣው ላይ ይሰካል። ወረቀቱ ሲቀደድ ካላዩ መጠየቅ ነውር የለውም።

የቀረው የምላጩ አጣጣል ነው። የከተማው ቆሻሻ ከየደጃፉ የሚነሳው በማኅበር በተደራጁ ሰዎች እጅ ነው። ማዳበሪያውን ጨብጠው ትከሻቸው ላይ ሲያወጡት ውስጡ የተጣለ ምላጭ ጓንትም ልብስም አልፎ ይገባል። ፌስታል አያግደውም፣ ወረቀትም አያግደውም። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ግን ያግደዋል። ባዶውን አጥቦ፣ ሳይከፈት በቀረው ወገን ምላጭ የምታሾልክ ቀጭን ስንጥቅ በቢላዋ መክፈት፣ የተከፈተውን ወገን በጠንካራ ፕላስተር መድፈን ነው። ሕፃናት በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሲሞላ ስንጥቁን በመዶሻ መትቶ መዝጋት፣ ከቆሻሻው ጋር ሳይቀላቅሉ ለሰብሳቢዎቹ በእጅ መስጠትና ውስጡ ምላጭ እንዳለ መንገር ነው።