የሕንፃ አያያዝና የአደገኛ ሕንፃዎች ደንብ

ባለቤት ሕንፃውን ከሠራ በኋላም በአግባቡ እንዲይዘው የሚያስገድዱ የአካባቢ ደንቦች በብዙ አገሮች አሉ። ለመውደቅ የተቃረበውን ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ እንዲያስጠግን፣ ነዋሪውን እንዲያስወጣ ወይም እንዲያፈርስ ሥልጣን ይሰጡታል። የግንባታ ፈቃድ በዋናነት ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ያለውን ይቆጣጠራል፤ እነዚህ ደንቦች ግን ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ረጅም ዓመታት ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን የወጣው የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ፣ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። ይህ ቅጣት የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ለዛሬው አሠራር ይበልጥ የሚቀርበው የሮማውያኑ ነው፦ የጎረቤቱ ግድግዳ እንዳይወድቅበት የሰጋ ሰው፣ ገና ምንም ሳይደርስ፣ ባለቤቱ ዋስትና እንዲሰጠው መጠየቅ ይችል ነበር። ጎረቤቱ አሻፈረኝ ካለ ስጋት የገባው ሰው ወደ ጎረቤቱ ንብረት እንዲገባ ይፈቀድለት ነበር።

ደንቦቹ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ይይዛሉ፤ ብዙ ጊዜም ይምታታሉ። አንዱ ገጽታና ንጽሕና ነው፤ የተላጠ ቀለም፣ የተሰበረ መስኮት፣ ግቢውን የወረረ ቁጥቋጦ። ሌላው አደጋ ነው። በእንግሊዝ ሁለቱ በየራሳቸው ሕግ ይታያሉ። የ1990 (እ.ኤ.አ.) የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ አንቀጽ 215 የአካባቢውን ገጽታ የሚያበላሽ ይዞታ እንዲጸዳ ያስገድዳል። የ1984ቱ የሕንፃ ሕግ አንቀጽ 77 ደግሞ አስተዳደሩ አደገኛውን ሕንፃ ለማስጠገን ወይም ለማስፈረስ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ በአንቀጽ 78 ራሱ ወዲያው እርምጃ ይወስዳል። መለየታቸው ተገቢ ነው። ቀለሙ የለቀቀ ቤት ብዙ ዘመን ሊቆም ይችላል፤ ባማረ ልስን የተሸፈነ ዓምድ ግን ውስጡ ያለው ፌሮ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ያም ሆኖ ትንሹ ነገር ከትልቁ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ፤ እሱም ውኃ ነው። የተደፈነ አሸንዳ ውኃውን በግድግዳው ላይ ያወርደዋል። እርጥበቱ አርማታው ውስጥ ዘልቆ ፌሮውን ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ መጀመሪያ ስንጥቅ፣ ከዚያ ልጣጭ እየሆነ የሚወድቅ ስሚንቶ ይታያል። ተቆጣጣሪዎች ስለ አሸንዳ የሚጨቀጭቁት በከንቱ አይደለም።

ሂደቱ ብዙውን ጊዜ በጥቆማ ይጀምራል። ባለሙያ ያያል፣ የጊዜ ገደብ ያለው ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፣ ባለቤቱም ይግባኝ የማለት መብት አለው። ካላደረገው አስተዳደሩ ሥራውን አሠርቶ ወጪውን ያስከፍለዋል፤ በብዙ ቦታ ዕዳው በንብረቱ ላይ ይያዛል። አጣዳፊ ሲሆን ግን መንገዱ ይዘጋል፣ ሕንፃው በድጋፍ ይያዛል፣ ሰው ይወጣል።

የደንቦቹ ትልቁ ድክመት፣ በእኔ እይታ፣ በማስጠንቀቂያና በእርምጃ መካከል ያለው ጊዜ ነው። በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ ሚያዝያ 2013 (እ.ኤ.አ.) ከመደርመሱ አንድ ቀን በፊት ስንጥቁ ታይቶ ነበር። ሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ፤ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተደረገ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ በ2021 ተደርምሶ 98 ሰዎች የሞቱበትን ባለ 12 ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በተመለከተም፣ አንድ መሐንዲስ በ2018 ከባድ የአርማታ ጉዳት እንዳለ ጽፎ ነበር። በሁለቱም ቦታ ጉድለቱ አስቀድሞ ታውቋል።

አንዳንድ ከተሞች ጥቆማ ከመጠበቅ ይልቅ በየተወሰነ ጊዜ ወይም በሕንፃው ዕድሜ ምርመራ ያስገድዳሉ። ኒው ዮርክ ከሕንፃ የወደቀ ቁራጭ በ1979 አንዲት ተማሪ ከገደለ በኋላ፣ ከስድስት ፎቅ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች የውጭ ግድግዳ በየአምስት ዓመቱ እንዲመረመር ደነገገች። ሆንግ ኮንግ ከ2012 ጀምሮ 30 ዓመት የሞላቸውን ሕንፃዎች ታስመረምራለች፤ ሦስት ፎቅ የማይበልጡ መኖሪያዎች ነፃ ናቸው።

ገንዘቡ ከማን ይምጣ የሚለው ግን ከምርመራው ይከብዳል። በጋራ ሕንፃ ጡረተኛውም ባለሀብቱም ድርሻውን ማዋጣት አለበት፤ ስለዚህ ጥገናው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይገፋል። ተከራይ ደግሞ ሌላ ስጋት አለበት፤ ቤቱ አደገኛ ነው ብሎ ቢጠቁም ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ተከራይ ለማስለቀቅ ሲል ሆን ብሎ ጣሪያውን ሳያስጠግን የሚተው አከራይም አይጠፋም፤ ጠንከር ያሉ ደንቦች በዚህ ጊዜ የማዛወሪያውን ወጪ በአከራዩ ላይ ይጥላሉ። ባለቤቱ ሞቶ ወራሾች የሚካሰሱበት ቤት ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያውን የሚረከብ ስለማይገኝ በሩ ላይ ይለጠፋል።