ስለ ኢንዶኔዥያው ኬሪስ ጩቤ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት ዕውቅና የሰጠው የኢንዶኔዥያ ጩቤ ኬሪስ፣ በየትኛው አካባቢ እንደተሠራና የስለቱ ንድፍ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሲጠየቅ በርካታ የተሳሳቱ መልሶች ይሰጡበታል። የአብዛኞቹ ስህተቶች መነሻ ስለቱን ትቶ ጌጡን መመልከት ነው።

«ኬሪስ ሁሉ ሞገድ የሚመስል ስለት አለው።»
ቀጥ ያሉት በጣም ብዙ ናቸው፤ በጃቫ ቲላም ኡፒህና ብሮጆል የሚባሉት ቅርጾች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ሞገድ ካለው ደግሞ የሞገዱ ቁጥር እንደ ልማዱ ጎዶሎ ነው።

«እጀታውና አፎቱ የየት እንደሆኑ ከታወቀ የስለቱም ምንጭ ታወቀ።»
ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። እንጨት ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይለወጣል፤ ስለቱ ግን በስጦታ፣ በውርስና በንግድ ከደሴት ወደ ደሴት ሲዘዋወር ኖሯል። የስለቱ ቀጭን ጭራ በእጀታው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ በመሆኑ እጀታውን ነቅሎ ሌላ መተካት አስቸጋሪ አይደለም፤ ስለዚህ የጃቫ ስለት እንደ ሽጉጥ መያዣ የታጠፈ የቡጊስ (የሱላዌሲ ደሴት ሕዝብ) እጀታ ይዞ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም። በጃቫ ካሉት የቤተ መንግሥት ከተሞች ላድራንግ የሚባለው የሱራካርታ አፎትም ሆነ ብራንጋህ የሚባለው የዮግያካርታ አፎት የሚመሰክሩት ጩቤው ያንን አፎት የት እንደለበሰ ብቻ ነው። ስለቱን ለመለየት መጠኑንና ገጹን መመርመር ይሻላል፦ የባሊ ስለት በአብዛኛው ከጃቫው የሚተልቅና ገጹ ተወልውሎ የለሰለሰ ሲሆን፣ በየጊዜው በአሲዳማ ፈሳሽ ሲታጠብ የኖረ የጃቫ ስለት ግን ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል።

«የንድፉ ስም የተሠራበትን አካባቢ ያሳያል።»
ፓሞር የሚባለው፣ የተለያዩ ብረቶች ንብርብር በስለቱ ገጽ ላይ የሚፈጥረው ንድፍ፣ የአካባቢ መለያ አይደለም። እንደ ፈሰሰ የሩዝ ፍሬ የተበተነው ዎስ ዉታህ ወይም ትንንሽ ክቦች አንዱ በሌላው ውስጥ የሚታዩበት ኡዳን ማስ ከአንድ አውራጃ ቀጥቃጮች ብቻ የሚወጣ አይደለም። የስለቱ ቅርጽ ደግሞ ዳፑር የሚባል የራሱ ስም ስላለው፣ ሁለቱን ስሞች አንድ አድርጎ መጻፍ መግለጫውን ያበላሻል።

«ንድፉ ሁሉ ከሰማይ ከወደቀ ብረት የተሠራ ነው።»
በጃቫ በፕራምባናን አቅራቢያ የተገኘው የሰማይ ብረት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሱራካርታ ቤተ መንግሥት ተወስዶ ኬሪስ እንደተሠራበት እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ ስለቶች ምንጭ ከምድር የተገኘ ብረት ነው። በአርሰኒክና በሎሚ ጭማቂ ሲታሹ ተራው ብረት ይጠቁራል፣ ኒኬል ያለበት ንብርብር ግን አብርቶ ይቀራል፤ ንድፉ ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ነው። አርሰኒኩ ጠላትን ለመመረዝ የተቀባ ነው የሚለው ወሬ ይህን አሠራር ካለማወቅ የመጣ ይመስላል።

«ማጃፓሂት ከተባለ ዕድሜው ተረጋግጧል።»
ማጃፓሂት የጃቫ ጥንታዊ መንግሥት ነው። ስለቱን በዘመንና በአሠራር ስልት የሚለየው ታንጉህ የሚባለው ምደባ ግን ባለሙያ በዓይኑ አይቶ የሚሰጠው ግምት ነው፤ የኋላ ዘመን ቀጥቃጮችም የጥንቱን አሠራር እያስመሰሉ ሠርተዋል። ሻጮች ይህን ስም የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጠንቃቃ ገላጭ ግን «ታንጉህ ማጃፓሂት» ብሎ ሲጽፍ የአሠራሩን ስልት እንጂ የተሠራበትን ዓመት አያመለክትም።