የስፖርት ትምህርት በሀዋሳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

ሀዋሳ ኳስ የምትወድ ከተማ ናት። ክለቧ ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን አንስቷል። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ግብ ያስቆጠረው አዳነ ግርማም የዚችው ከተማ ልጅ ነው። ስለዚህ መምህሩ ቱታውን ለብሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳው ላይ ብቅ ሲል የልጆቹ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ኳስ አለ?» ትምህርቱ ግን ከኳስ ይሰፋል።

ወላጆች በአጭሩ «ስፖርት» የሚሉት ይህ ትምህርት ዛሬ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይባላል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በነበረው ሥርዓተ ትምህርት፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ከሙዚቃና ከሥዕል ጋር ተጣምሮ ይሰጥ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግን ራሱን ችሎ ቆሟል። በሀዋሳ እንደየትምህርት ቤቱ በሲዳሙ አፎ ወይም በአማርኛ ይሰጣል።

በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆች የሚማሩት ውድድር ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው፦ መሮጥና በድንገት መቆም፣ በአንድ እግር መዝለል፣ ሚዛን መጠበቅ፣ መወርወር፣ መቅለብ። እነዚህ ከዕድሜ ጋር በራሳቸው የሚመጡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ያልተለማመደ ልጅ 5ኛ ክፍል ደርሶም በቀኝ እጁ ሲወረውር ቀኝ እግሩን ያስቀድማል። ግራ እግሩን እንዲያስቀድም ከነገሩት በኋላ ውርወራው ወዲያው ይረዝማል። የመቅለብም ነገር እንዲሁ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ ኳስ የሚይዘው ደረቱ ላይ አቅፎ ነው፤ ጠንካራ ኳስ ሲመጣበት ፊቱን ያዞራል። ከካልሲና ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠራ ኳስ ግን ስለማያሳምም በእጁ መቅለብን ይደፍራል።

የጨርቅ ኳስ ሌላም ትልቅ ችግር ይፈታል። የአንድ ክፍለ ጊዜ ርዝመት 40 ደቂቃ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ኳስ ብቻ ይዞ በሰልፍ ተራ የሚያስጠብቅ መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው ከ40 ሰከንድ አይበልጥም፤ ሌላውን ጊዜ ልጁ ቆሞ ያያል። 10 የጨርቅ ኳስ ካለ ግን ልጆቹ ስድስት ስድስት ሆነው ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ። ኳሱን ወርውሮ ጥላ ሥር መቀመጥ ደግሞ ማስተማር አይደለም፤ ያን ጊዜ የሚጫወቱት ድሮም የሚችሉት ጥቂት ወንዶች ናቸው፣ ሴቶቹና ደካሞቹ ዳር ይቀራሉ።

መሣሪያ የለም የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። ሆኖም ልጆቹ ከሰፈር ይዘውት የሚመጡት ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፉ ጋር ይገጥማል። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መዝለልንና ሚዛንን ያስተምራል፤ ፔፕሲ መወርወርንና ማምለጥን፤ ሌባና ፖሊስ በሩጫ መሀል አቅጣጫ መቀየርን። ሱዚን በተለይ ማንሳት ያስፈልጋል። በሱዚ የሠለጠነች የ4ኛ ክፍል ልጅ የእግሯን ምት ከላስቲኩ ጋር የምታስማማበት ችሎታ ለከፍታ ዝላይ ጥሩ መነሻ ነው። ይህን አይቶ ልጅቷን ለሌሎቹ እንድታሳይ ወደ ፊት የሚያወጣ መምህር ሥራውን የገባው ነው።

ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክረምቱ ሳይገባ ቀትሩ ያቃጥላል። ልጅ ጨዋታ ሲጥመው ጥሙን ስለሚረሳ ውኃ የማጠጣት ኃላፊነት የመምህሩ ነው። ማሟሟቂያውን ዛፍ ጥላ ሥር ማድረግ፣ ሩጫውን ለጠዋት ክፍለ ጊዜ መተውም ይረዳል።

«ጤና» የሚለው የትምህርቱ ግማሽ በሀዋሳ የራሱ መልክ አለው። በሐይቁ ውኃ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፤ በዳርቻው በሚኖሩ ተማሪዎች ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። የበሽታው ትል ከሰው ሰገራ ወደ ውኃ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣው ወደ ውኃው ይወጣና የዋናተኛውን ቆዳ በስቶ ይገባል። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ሲራገፍ እያየ ላደገ ልጅ ይህ ዑደት በሰሌዳ ላይ ተስሎ ሊነገረው ይገባል፤ «አትዋኝ» ብቻ ማለት አይበቃም።

መምህሩ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚቀር ሰው ነው። በቆጂ ውስጥ የእነ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ የመጀመሪያ አሰልጣኝ የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ይህ ታሪክ ሲነገር ሜዳሊያው ይጎላል፤ ሆኖም እኚያ መምህር ከታዋቂዎቹ ጎን ስማቸው ያልተጠራ ብዙ ልጆችንም አሩጠዋል።

ምዘናው ላይ ክርክር አለ። ቀድሞ ለገባ ሙሉ ማርክ መስጠት ቀላል ነው፤ ይህ ግን ተፈጥሮ የሰጠውን መልሶ መሸለም ነው። የሚሻለው መስከረም ላይ የእያንዳንዱን ልጅ ችሎታ በደብተር መዝግቦ ከሰኔው ጋር ማነጻጸር ነው። መስከረም ላይ ገመድ ሦስት ጊዜ ዘልላ ይጠልፋት የነበረች ልጅ ሰኔ ላይ ሃያ ከዘለለች፣ ከክፍሉ መጨረሻም ብትሆን፣ ማርኳ ከፍተኛ ሊሆን ይገባል። ዊልቸር ላይ ያለው ጓደኛዋም በዚያው ደብተር የራሱ መስመር አለው፦ የጨርቅ ኳሱን ከስንት እርምጃ ርቀት ቅርጫት ውስጥ እንደከተተ።