ዲቪአሩ «ጢጥ ጢጥ» ሲል አፉን አትዝጉት

ካሜራ የምገጥም ሰው ነኝ። ደንበኛ ደውሎ «ይሄ ሳጥን ጢጥ ጢጥ እያለ ሊያሳብደን ነው፣ መጥተህ ድምፁን አጥፋልን» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ድምፁ ረብሻ አይደለም። ዲቪአሩ፣ ማለትም የካሜራውን ምስል የሚቀዳው ሳጥን፣ የሆነ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ወይ ቅጂው የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ታሟል፣ ወይ የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሏል፣ ወይ አይፒ ተጋጭቷል (ሁለት ዕቃ አንድ የኔትወርክ አድራሻ ይዘዋል)። ሂክቪዥንም ሆነ ዳሁዋ የሚባሉት መቅረጫዎች ሜኑ ላይ «ኤክሴፕሽን» የሚል ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ ብልሽት ከነጩኸቱ ለየብቻ ተዘርዝሯል። ኢንተርኔት የሌለው ቤት ከሆነ የኔትወርኩን ጩኸት ብቻ አጥፉ። የዲስኩን ግን እንዳትነኩ።

መርካቶ አንድ ጨርቅ ሻጭ ሌሊት ዕቃ ወጣበትና ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ አራቱም ካሜራ ጥርት ብሎ ይታያል። የተቀዳውን ማያውን ፕሌይባክ ከፍቼ ካሌንደሩን ሳይ ቅጂ ያለባቸው ቀኖች ከሁለት ወር በፊት ቆመዋል! ኤክሴፕሽን ውስጥ ስገባ የሁሉም ጩኸት ጠፍቷል። ማን አጠፋው? የኛው ሙያ ሰው። «ዝም ሲልልኝ ደስ ብሎኝ ማኪያቶ ጋበዝኩት» አለኝ ሰውዬው። ሌባው የታየው በዚያው በቀጥታ ምስል ነው፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

«ስልኬ ላይ ይታየኛል፣ ስለዚህ ይቀዳል» የሚሉትም ከዚሁ ስህተት ነው የሚነሱት። ቀጥታ ምስል ዲስክ አያስፈልገውም።

«ዲስኩ ሞላ፣ ሊቆም ነው»? ኦቨርራይት (በድሮው ላይ መቅዳት) ከበራ የድሮውን እያጠፋ ይቀጥላል።

«ሎግ የቴክኒሻን ነገር ነው»? ሎግ ሳጥኑ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ ነው፤ መብራት ጠፍቶ መዘጋቱንና ሰው በማውስ መዝጋቱን የሚለይላችሁ እሱ ነው። ግን ባለቤቱም ልጁም ዘበኛውም በአንድ «አድሚን» ከገቡ ሎጉ «አድሚን ዘጋው» ይላል፣ በቃ። ለየሰዉ ዩዘር ክፈቱ። ደግሞ በአንዳንድ መቅረጫ ሎጉ ራሱ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ወደ ፍላሽ ገልብጡት።

«ሰዓቱን ባበሻ አድርግልኝ» የሚሉኝስ! አንዳንዱ ቴክኒሻን ደንበኛ ለማስደሰት ዞኑን ጂኤምቲ ሲቀነስ 3 ያደርገዋል። ሰዓቱ ያበሻ ይመስላል፣ ቀኑ ግን የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሆነው ስርቆት በትናንት ቀን ይመዘገባል። ከዚያ ለፖሊስ ማስረዳት ነው። ጂኤምቲ ሲደመር 3 አድርጉ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ኤንቲፒ አብሩ፣ 6 ሰዓቱን በጭንቅላታችሁ ቀንሱ፤ ስልካችሁ ላይ በየቀኑ የምታደርጉት ነው።

ሱቁ ሌሊት ባዶ ከሆነ ጩኸት ብቻውን አይበቃም፣ ኢሜይልም ይላክላችሁ። «ጂሜይል እምቢ አለኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2022 መጨረሻ ወዲህ ጉግል ዋናውን የይለፍ ቃል ከእንዲህ ዓይነት ዕቃ አይቀበልም፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርታችሁ «አፕ ፓስዎርድ»፣ ማለትም ለዕቃው ብቻ የሚሆን የተለየ የይለፍ ቃል፣ አውጡ። ከዚያ ቴስት የሚለውን ተጫኑ፣ ስፓም ውስጥም እዩ።

ኢንተርኔት ካላችሁ ደግሞ ቴክኒሻኑን ሳትከፍሉ በፊት የኔትወርኩን ገመድ ከጀርባው ንቀሉት። ካልጮኸ ሰውዬው መሰላሉን ሳይጭን መልሱት።