ባሕርም ክረምት አለው፦ ስለ አዳኝ ዓሦች በስህተት የምናምናቸው

ሰሜን ሸዋ ከባሕር የራቀ ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቡና እየተጠጣ የሻርክ ወይም የቱና ወሬ ሲነሳ፣ እነዚሁ አባባሎች ይደጋገማሉ።

«ውቅያኖስ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹም የሚመነጩት ከሱ ነው። ማስረጃውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ መንዝና ጣርማበር ጉም ሲለብሱ፣ በሶማሊያ ጠረፍ ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል። ነፋሱ የላዩን ውኃ ከዳርቻው እየገፋ ያርቀዋል። በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛና ንጥረ ነገር የሞላበት ውኃ ይወጣል። ያኔ በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ዕፅዋት በብዛት ይራባሉ። እነሱን ደቃቅ እንስሳት ይበሏቸዋል፤ ደቃቆቹን ደግሞ ትንንሽ ዓሦች። ቱና የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ጋ ዝናቡ በሐምሌ ዘንቦ አዝመራው በኅዳር እንደሚሰበሰብ ማለት ነው። የቱና መርከቦችም ወደዚያ አካባቢ የሚሰበሰቡት ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል፦ የእኛ ክረምት ወር ለሕንድ ውቅያኖስ ቱናም የድግስ ዝግጅት ነው።

«ቱና የሚበላው ሰርዲን ብቻ ነው»

አይደለም። ስኩዊድም ሸርጣንም ያገኘውን ይበላል። ምግቡ እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያያል።

«ሻርክ ሁሌም እንደተራበ ነው»

ፊልም ያመጣብን ጣጣ ነው። ታላቁን ነጭ ሻርክ እንውሰድ። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ «ሲል» የሚባሉትን የባሕር አጥቢዎች ያድናል። ከዚያ በሜክሲኮና በሃዋይ መካከል ወዳለው ሰፊ ባሕር ይሄዳል። በዚህ ረጅም ጉዞ ስንቁ ጉበቱ ውስጥ ያጠራቀመው ዘይት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ያወቁበት መንገድ በጣም ደስ ይላል። ዘይት ከውኃ ይቀላል፤ ስለዚህ ሻርኩን እንዳይሰምጥ ያግዘዋል። በሰውነቱ ላይ የተተከለው መሣሪያ እንዳሳየው፣ ጉዞው በረዘመ ቁጥር ሻርኩ ሳይዋኝ ወደ ታች ሲንሸራተት ይበልጥ ፈጥኖ ይሰምጣል። ዘይቱ እያለቀ ነው ማለት ነው።

«መሐል ባሕር ምግብ ሞልቶታል»

በሞቃቱ የምድር ክፍል መሐል ውቅያኖሱ አብዛኛውን ጊዜ ድሃ ነው። ጥርት ብሎ ሰማያዊ የሚመስለውም ሕይወት ስላነሰው ነው። ትልልቅ አዳኞች ሺህ ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጡት ለዚህ ነው።

«ዓሣ ሁሉ ሰውነቱ እንደ ውኃው ይቀዘቅዛል»

አብዛኛው አዎ፣ ሁሉም ግን አይደለም። የአትላንቲኩ ብሉፊን ቱና ጡንቻው ያመነጨውን ሙቀት ሰውነቱ ውስጥ ያስቀራል። በሰኔ አካባቢ ሜዲትራኒያን ውስጥ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት እስከ ኖርዌይ ቀዝቃዛ ባሕር ድረስ ዘልቆ ማኬሬልና ሄሪንግ የሚባሉትን ዓሦች ያሳድዳል። እዚያ በልቶ የሚያጠራቅመው ስብ ነው ለቀጣዩ ጉዞ የሚያደርሰው።