«አብሽር» ብቻ? ስለ ተማሪዎች ቴክስት የምንሳሳተው

ደሴ ላይ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ተማሪ ሲታይ ፍርዱ ቶሎ ነው። ሴት ከሆነች ወሬ፣ ወንድ ከሆነ ኳስ። እስቲ ከምሰማው ጥቂቱን ላንሳ።

«ሴቶች ቴክስት ላይ ወሬኛ ናቸው»

ብዙ መጻፋቸውስ እውነት ነው። የአሜሪካው ፒው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጠይቅ፣ ቴክስት የሚጠቀሙ ከ14 እስከ 17 ዓመት ሴቶች በመልእክት ብዛት ቢደረደሩ መሐል ላይ የምትገኘው በቀን 100 መልእክት ትለዋወጥ ነበር። ከወንዶቹ መሐል ላይ ያለው 50። ስህተቱ «ወሬ» ማለቱ ላይ ነው። ሮበርትስና ደንባር የተባሉ ተመራማሪዎች ትምህርት ቤት የጨረሱ 30 የእንግሊዝ ተማሪዎችን ለ18 ወር ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አሳተሙ። የሴቶቹን ጓደኝነት ከመቀዝቀዝ ያዳነው ማውራት ነበር፤ የወንዶቹን ደግሞ አብሮ አንድ ነገር ማድረግ። ኮምቦልቻ ካምፓስ የደረሳት ልጅ ደሴ ለቀረችው ጓደኛዋ ስለ ዶርሟ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስላስቀየመቻት ልጅ ማታ ማታ ትጽፋለች። ቡና አብረው መጠጣታቸው ነው እኮ።

«ወንዶች ስሜት የላቸውም፣ መልሳቸው አንድ ቃል ነው»

ቃሉን እዩት እንጂ። አንዱ «የዛሬው ፈተና ጉድ ሠራኝ» ብሎ ይልካል። መልሱ፦ «አብሽር። ፒያሳ ነኝ፣ ና።» ወሎ ውስጥ «አብሽር» እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም የሚጽናናበት ቃል ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ቃል «ና» ነው። ይገናኛሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ፈተናው ሳይነሳ ይለያያሉ። ልጁ ግን ቀሎት ነው የሚገባው።

«አጭር ከመለሰች ኮርታለች»

ካርድ አልቆባት ቢሆንስ? በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ሰው ወደ ኤስኤምኤስ ተመለሰ። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል ከተጻፈ 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ከሆነ 70 ብቻ። የወሎ ሰላምታ ካለቀ በኋላ ምን ቦታ ይተርፋል!

«ወንድና ሴት ከተጻጻፉ ነገር አለ»

አንዳንዴ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን «ሃንዳውቱን ላኪልኝ» ነው። አማርኛችን ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ «የት ነሽ?» ሲል የተቀባይዋን ጾታ ያወጣዋል፣ የላኪውን ይደብቃል። እናት የልጇን ስክሪን በጎን አይታ «ማነው እሱ ደግሞ?» ትላለች። የጻፈችው የዶርሟ ልጅ ናት።