በታንኳ ቀስ እያሉ ከጣና እስከ አባይ መውጫ

ታንኳ አሁን አሁን ፖስትካርድ ላይ ብቻ ያለች ትመስላለች፣ ግን ባህር ዳር አካባቢ ዛሬም ዓሳ ይጠመድባታል፣ ከዘጌ ማገዶ ተጭኖባት ገበያ ይመጣል። የምትሰራው ከደንገል ነው፣ ያው ሐይቁ ዳር ከሰው ቁመት በላይ የሚበቅለው፣ የድሮ ግብፆች ወረቀት የሰሩበት ተክል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በሞተር ጀልባ ገዳማቱን አይቶ የተመለሰ ሰው ጣናን አየሁ ሲለኝ ትንሽ ቅር ይለኛል፣ ሞተሩ እየጮኸ ምን ይታያል?

ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፣ ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ብሎ መዝግቦታል። ስፋቱን ላየ ጥልቅ ይመስላል፣ ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታ ራሱ 15 ሜትር ቢሆን ነው፣ ለዛም ነው ነፋስ ሲነሳ ቶሎ የሚናወጠው። ጠዋት መስታወት የመሰለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ስለዚህ በታንኳ የሚሄድ ሰው ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ፀሐይ ሳትከር መመለስ ነው ያለበት፣ ቀዛፊዎቹም አርፍደህ ከመጣህ ፊታቸው ይነግርሃል።

አሰራሯን ቀረብ ብሎ ላየው ደስ ትላለች። ደንገሉ ይታጨድና ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዛ በጥቅል በጥቅል በልጥ ወይም በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ይላል። ሚስማር የለ ምን የለ። ውስጧ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፋል፣ ሰውም ዕቃም የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ታንኳ ውሃ ታስገባለች! መጀመሪያ ቀን የተቀመጠ ሰው ሱሪው ሲረጥብ ሰመጥን ብሎ ይደነግጣል፣ ግን ውሃው ከስር ገብቶ ከስር ነው የሚወጣው፣ የሚያንሳፍፋት የደንገሉ ቅለት እንጂ ውሃ አለማስገባቷ አይደለም። ቀዛፊው ረጅም ቀርከሃ ይይዝና አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይመታል፣ ጥልቀት በሌለበት ደግሞ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል። ካያክ የለመደ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀርከሃውን ራሱ ሲይዘው ግን ታንኳዋ ባለችበት ትዞርበታለች።

በዚህ ሙያ ቀድሞ የሚነሳው ስም ነገደ ወይጦ የሚባለው የጣና ዳር ማህበረሰብ ነው። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፣ በዚህም የተነሳ ጎረቤቶቻቸው ብዙ ዘመን አግልለዋቸው ኖረዋል፣ ጀልባቸውን ግን ሁሉም ይፈልገዋል፣ ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ እሻገራለሁ ብሎ ራ የተባለችውን ሲያሰራ ደንገሉ የሄደው ከጣና ነው፣ ሰሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። መንገድ ላይ ተበታተነችበት፣ በዓመቱ በራ ሁለት ከሞሮኮ ተነስቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

ለመዝናናት ጥሩው መንገድ አጭሩ ነው፣ ከባህር ዳር ዳርቻ ተነስቶ ደብረ ማርያም ገዳም ወዳለችበት ወደ አባይ መውጫ። እዛ ሐይቁ ሳይታወቅህ ወንዝ ይሆናል፣ ውሃው በቀስታ መሳብ ሲጀምር ነው የምታውቀው። ፔሊካኖች በቡድን ይንሳፈፋሉ፣ ጉማሬዎቹ ደግሞ ጆሮና ዓይናቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ያዩሃል። እዚህ ጋ ቀልድ የለም፣ ጉማሬ መንገዱ ከተዘጋበት ጀልባ ይገለብጣል፣ ቀዛፊው ራቅ እንበል ካለ ፎቶ አነሳለሁ ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ወንዶች ብቻ ናቸው የሚገቡት፣ እንጦስ ኢየሱስ ገዳም አጠገቡ ነው፣ ግን በታንኳ ይሄን ሁሉ በአንድ ጠዋት ልዙር ማለት ድካም ነው። የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታም ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከመውጫው በታች እ.ኤ.አ. በ1996 የተሰራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ሲባል ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ከዛ ገደሉ፣ አዞው፣ ድንጋዩ። ያ ሽርሽር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ቡድን ሲወርደው አንድ ሰው ሞቶበታል፣ ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ ሙሉውን የጨረሱት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን እስክንድርያ የደረሱት ገና እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

አሁን ታንኳን የሚያስቸግራት ሌላ ነው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን ሲወርር ቀርከሃ የሚገፋበት ቦታ አሳጣ፣ ደንገሉም ለእርሻ ተብሎ እየተመነጠረ ሄደ። አንዲት ታንኳ ደግሞ ጥቂት ወር ሰርታ ውሃ ጠግባ ትከብዳለች፣ አዲስ ደንገል ትፈልጋለች። ዕድሜዋን ለማራዘም ሲባል ማታ ማታ ተሸክመዋት ይወጡና ዳር ላይ ያቆሟታል፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ እስኪወርድላት።